ቀብዱ ተከፍሏል፣ ካርታው አልዞረም፦ የቤት ግዢ ሲጓተት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የተሰበሰቡት ጥያቄዎች አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለመግዛት ተነሥተው መንገድ ላይ የቆሙ ሰዎች ቢሮዬ ድረስ ለእኔ ለጠበቃው ይዘዋቸው የመጡ ናቸው። አብዛኞቹ ሲመጡ አንድ የፕላስቲክ ማኅደር ይዘዋል፤ ከላይ የካርታ ኮፒ፣ ከሥሩ የባንክ ደረሰኝ፣ ከሁሉም በታች ደላላው በብጫቂ ወረቀት የጻፈው ስልክ ቁጥር። ክልል ላይ ላላችሁ አንባቢዎች የፍትሐ ብሔር ሕጉ ያው ነው። የቤተሰብ ሕጉና የመሥሪያ ቤቶቹ አሠራር ግን ስለሚለያይ የአካባቢያችሁን ጠይቁ።

ለመሆኑ ቤቱ የእኔ የሚሆነው መቼ ነው? ውል ስንፈራረም ወይስ ካርታው በስሜ ሲዞር?

ካርታው በስምዎ ሲዞር። ብዙ ሰው ውልና ማስረጃ ፈርሞ ሲወጣ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል፤ ቁልፍ ይቀበላል፣ ዘመድ ጠርቶ ቡና ያስፈላል። ሕጉ ግን ሁለቱን ለይቶ ያያቸዋል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1185 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት የሚተላለፈው በመዝገብ ሲጻፍ ነው። አንቀጽ 2878 ደግሞ በመዝገብ ያልገባ ሽያጭ በሦስተኛ ወገኖች ላይ መቃወሚያ እንደማይሆን ይደነግጋል። ሦስተኛ ወገን የሚባለው ለሻጩ ያበደረ ሰው ሊሆን ይችላል፤ አብሮት የወረሰ ወንድሙ ሊሆን ይችላል፤ ያንኑ ቤት ከእርስዎ በኋላ ገዝቶ ቀድሞ ስም ያዞረ ሰውም ሊሆን ይችላል። ከታች የማነሣቸው ችግሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚፈለፈሉት በፊርማውና በስም ዝውውሩ መካከል ባሉት ሳምንታትና ወራት ነው።

መሬት ደግሞ ከሐምሌ 1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ጀምሮ የመንግሥት ነው፤ የሚሸጠው ቤቱ ነው። ስለዚህ የክፍለ ከተማው የመሬት ጽሕፈት ቤት ሳይገባበት የሚያልቅ የቤት ሽያጭ የለም። ሻጭና ገዢ ምንም ያህል ቢዋደዱ ሦስተኛ ተዋዋይ አለ ብለው ይነሡ።

ሦስት ምስክር ባለበት በወረቀት ተፈራርመናል፤ ውልና ማስረጃ ግን አልሄድንም። ውሌ ዋጋ አለው?

የሻጩ አፍ ላይ የተንጠለጠለ ዋጋ አለው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት የሚተላለፍበት ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ዘንድ እንዲመዘገብ ያዛል። የፌዴራሉ ሰበር ሰሚ ችሎት በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህን ሥርዓት ያልተከተለ የቤት ሽያጭ ውል በሕግ ፊት የጸና እንደማይሆን ወሰነ። በኋላ በመዝገብ ቁጥር 36887 ደግሞ ሻጩ ውሉን ማድረጉን ካልካደ ባለመመዝገቡ ምክንያት ብቻ አይፈርስም የሚል ትርጉም መጣ። የሰበር ትርጉም የሥር ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ስለዚህ ክርክሩ የሚዞረው ሻጩ ዳኛ ፊት ቆሞ ‹‹አዎ፣ ሸጫለሁ›› ይላል ወይስ አይልም በሚለው ላይ ነው። የቤት ዋጋ በየጊዜው በሚንርበት ከተማ ይህን መልስ መገመት አያስቸግርም።

ሻጩ አሁንም ፈቃደኛ ከሆነ ዛሬውኑ ይዘውት ወደ ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ፣ ማለትም ወደ ውልና ማስረጃ፣ ይሂዱ። ‹‹ከበዓል በኋላ›› አይበሉ። ከካደ ደግሞ ትግሉ ከቤቱ ወደ ገንዘቡ ይዞራል። ውል ሲፈርስ በአንቀጽ 1815 መሠረት ተዋዋዮች ከውሉ በፊት ወደነበሩበት ይመለሳሉ፤ የሰጡትን ይመልሱልዎታል ማለት ነው፤ መስጠትዎን ማስረዳት ከቻሉ። በባንክ የተላለፈ ገንዘብ ራሱ ይናገራል። በከረጢት የተሰጠ ገንዘብ ዝም ይላል።

ቀብድ ከፍዬ ሻጩ ሐሳቡን ቀየረ። እጥፉን መጠየቅ እችላለሁ?

መርሁ ያ ነው። አንቀጽ 1885 እንዲህ ይላል፦ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ወገን ቀብዱን ትቶ ከውሉ መውጣት ይችላል፤ ቀብድ የተቀበለውም እጥፉን ከፍሎ መውጣት ይችላል። ሰዎች የሚዘነጉት ግን ሁለት ነገር አለ።

አንደኛ፣ ወረቀቱ ላይ ‹‹ቀብድ›› ነው የተባለው ወይስ ‹‹ቅድመ ክፍያ››? ሁለቱ በአፍ አንድ ይመስላሉ፤ በፍርድ ቤት ግን የቃላት ክርክር ተነሥቶ ወራት ይበላል። ቀብድ ከሆነ ‹‹ቀብድ›› ብለው ያጽፉ። ሁለተኛ፣ ቀብዱ የተሰጠበት የሽያጭ ውል ራሱ በአንቀጽ 1723 ምክንያት ከወደቀ እጥፍ መጠየቁ አጠራጣሪ ይሆናል፤ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው የሰጡት ገንዘብ መመለስ ነው። ለዚህ ነው ትልቅ ቀብድ የማይመቸኝ። ደላላው ‹‹ሌላ ገዢ በር ላይ ቆሟል፣ ግማሹን ዛሬ ካልሰጡ ያመልጥዎታል›› ካለዎት ያምልጥዎ። እንዲህ የሚያመልጥ ቤት ሳምንት ሳይቆይ ተመልሶ ገበያ ላይ ሲወጣ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

ሻጩ ‹‹ግብር እንዳይበዛ ውሉ ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፍ›› ይለኛል። ጉዳት አለው?

ከሁሉም ጥያቄዎች እድሜዬን የጨረሰው ይህ ነው። አዎ፣ አለው፤ ጉዳቱም የሚያርፈው በእርስዎ ላይ ነው።

እንበል ቤቱን በ9 ሚሊዮን ብር ገዙ። ውሉ ላይ የተጻፈው 2 ሚሊዮን ነው። ሰባቱን ሚሊዮን በሻጩ እህት ሒሳብና በጥሬ ገንዘብ ሰጡ። ከስምንት ወር በኋላ የሻጩ የመጀመሪያ ሚስት ልጆች መጥተው ውሉን አስፈረሱ እንበል። ሻጩ ምን ይመልሳል? ወረቀቱ ላይ ያለውን ሁለት ሚሊዮን። አንቀጽ 2005 የተፈረመ ሰነድ በፈራሚዎቹ መካከል ሙሉ ማስረጃ እንደሚሆን ይደነግጋል፤ ራስዎ የፈረሙበትን ቁጥር ‹‹ውሸት ነበር›› ብሎ በምስክር ማስተባበል ደግሞ በጣም ከባድ ነው። ሊያስተባብሉት ሲሞክሩም የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርዎ ‹‹ግብር ለመደበቅ ተስማምተን ነበር›› የሚል ይሆናል። ዳኛ ፊት እንዲህ ብሎ መጀመር ምን ያህል እንደሚያምር እርስዎው ያስቡት።

ደግሞም ትርፉ የሚታሰበውን ያህል አይደለም። ክፍለ ከተማው ቤቱን በራሱ ባለሙያ ይገምታል፤ በውሉ ላይ ያለውን ቁጥር ዐይኑን ጨፍኖ አይቀበልም። የቴምብር ቀረጡ 2 በመቶ ነው፤ አሹራ የሚባለው የስም ማዛወሪያ ክፍያም አለ፤ ሻጩ በካፒታል ዕድገቱ ላይ የሚከፍለው ግብር ደግሞ ለብቻው ነው። ማን የትኛውን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ይጻፍ። የሻጩ ግብር ሳይከፈል ሲቀር የሚቆመው የእርስዎ ፋይል ነውና።

ቤቱ በባልየው ስም ብቻ ነው። የሚስቱ ፊርማ ያስፈልጋል?

ያስፈልጋል። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አንቀጽ 68 መሠረት የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ስምምነት ግድ ነው። ካርታው በማን ስም ነው የሚለው ብቻውን አይወስንም፤ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ያልተስማማው ወገን ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ የሚችለው ሽያጩን ባወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢበዛ ደግሞ ውሉ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ በር ሊንኳኳ ይችላል።

አንድ ደንበኛዬ ቤቱን ገዝቶ ቀለም እያስቀባ ሳለ አንዲት ሴት ግቢ ገብታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ጮኻ አልተጣላችም። ከቦርሳዋ ውስጥ በላስቲክ የታሰረ የወረቀት እሽግ አወጣች፤ የሲሚንቶ፣ የቆርቆሮ፣ የሴራሚክ ደረሰኝ፣ ሁሉም በእርሷ ስም። ‹‹ይህን ግድግዳ ያስለሰንኩት እኔ ነኝ›› አለች። ሻጩ ‹‹ያላገባ›› የሚል ማስረጃ አቅርቦ ነበር፤ ማስረጃውም እውነት ነበር፤ በመዝገብ የተጻፈ ጋብቻ አልነበራቸውም። ነገር ግን ለዓመታት እንደ ባልና ሚስት አብረው ኖረዋል፤ ያው ሕግ ደግሞ ቢያንስ ሦስት ዓመት የቆየ እንዲህ ያለ አብሮ መኖር የጋራ ንብረት ያፈራል ይላል። ጉዳዩ ክስ ላይ ደርሶ በአስማሚ አለቀ፤ ሻጩ ከተቀበለው ዋጋ ለሴትየዋ አካፈለ፣ ደንበኛዬ ቤቱን ያዘ፣ የስም ዝውውሩ ግን አንድ ዓመት ከአራት ወር ዘገየ።

ከዚያ ወዲህ ለሁሉም የምመክረው አንድ ነው። ያላገባ ማስረጃውን ይቀበሉ፤ ከዚያ ግን ሰፈር ውስጥ ገብተው ይጠይቁ። የጎረቤት ባለ ሱቅ መዝገብ ቤት የማያውቀውን ያውቃል። ፍቺ ከነበረም የንብረት ክፍፍሉ ውሳኔ ኮፒ ይጠይቁ፤ ‹‹ተፋትተናል›› ማለት ‹‹ተካፍለናል›› ማለት አይደለም።

የምገዛው የውርስ ቤት ነው። ምን ሊያስቆመኝ ይችላል?

ያልተጠራ ወራሽ። የወራሽነት ማስረጃ ፍርድ ቤት ይሰጣል፤ ማስረጃው ላይ ያልተጠቀሰ ልጅ ብቅ ካለ ግን ማስረጃው እንዲሰረዝ ወይም እንዲስተካከል መጠየቅ ይችላል። ከወራሾቹ አንዱ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ከሆነ ሞግዚቱ ብቻውን መሸጥ አይችልም፤ የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ይህ ፈቃድ ራሱ ጊዜ ስለሚወስድ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት በእጅ መኖሩን ይዩ። ከወራሾቹ የአንዱን ድርሻ ብቻ የሚገዙ ከሆነ ደግሞ ሌሎቹ የጋራ ባለሀብቶች የቀዳሚነት ግዢ መብት አላቸው፤ እርስዎ በከፈሉት ዋጋ መልሰው ሊወስዱት ይችላሉ።

በእኔ እምነት ካርታው አሁንም በሟች ስም ከሆነ መጀመሪያ ወደ ወራሾቹ ስም ይዙር። ‹‹አንድ ላይ እናዞረዋለን፣ ወጪ ይቀንሳል›› የሚለው ምክር የደላላ ምክር ነው።

ከዕዳና ከእገዳ ነጻ ነው የሚል ደብዳቤ ነበረኝ። ፋይሉ ላይ እግድ እንዴት ተገኘ?

ደብዳቤው የሚናገረው ስለተጻፈበት ቀን ብቻ ስለሆነ ነው። አንድ ጊዜ ያየሁትን ልንገራችሁ፦ ደብዳቤው ሐሙስ ጠዋት ወጣ፤ የፍርድ ቤት የእግድ ትእዛዝ ዓርብ ከሰዓት መዝገብ ክፍል ገባ፤ ገዢና ሻጭ ሰኞ ፈረሙ። ሦስቱም ወረቀቶች እውነተኛ ናቸው፤ ማኅተማቸውም ንጹሕ ነው።

እግዱ የመጣበትን ምክንያት ለይተው ይወቁ። በቤቱ ባለቤትነት ላይ ክርክር ካለ ፍርድ ቤቱ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 መሠረት ቤቱ እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ ያዛል። ሻጩ የገንዘብ ዕዳ ኖሮበት ተፈርዶበት ከሆነ ደግሞ ቤቱ የተያዘው ለፍርድ ማስፈጸሚያ ነው። በመጀመሪያው ዓይነት በክርክሩ ውስጥ ጣልቃ ለመግባት በአንቀጽ 41 ያመልክቱ፤ እግዱ እንዲነሣ ወይም እንዲሻሻል በአንቀጽ 158 መጠየቅም አለ። በሁለተኛው ዓይነት መንገዱ የአንቀጽ 418 መቃወሚያ ነው፤ ‹‹የተያዘው ንብረት የባለዕዳው አይደለም፣ የእኔ ነው›› ማለት። እዚህ ላይ ስም አለማዞርዎ ያስከፍልዎታል፤ በመዝገብ ባለቤት ያልሆነ ገዢ ይህን መቃወሚያ ሲያቀርብ አቋሙ ደካማ ነው። ክርክሩ እርስዎ ሳያውቁት በፍርድ አልቆ ከሆነ ደግሞ አንቀጽ 358 በክርክሩ ያልተካፈለ ሰው ፍርዱን የሚቃወምበትን በር ይከፍታል።

የባንክ መያዣ ከእነዚህ ይለያል። መያዣ ቤቱን ተከትሎ ይሄዳል፤ ባንኮችም ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋጅ ቁጥር 97 ፍርድ ቤት ሳይሄዱ የያዙትን ቤት በሐራጅ መሸጥ ይችላሉ። ሻጩ የባንክ ዕዳ ካለበት ገንዘቡን ለእርሱ ሰጥተው ‹‹ሄደህ ክፈል›› አይበሉት፤ ሲፒኦውን (ባንክ የሚያረጋግጠውን የክፍያ ማዘዣ) በባንኩ ስም ያሠሩና ክሊራንሱን፣ ማለትም ዕዳው ተከፍሏል የሚለውን ደብዳቤ፣ ራስዎ ይቀበሉ።

ባለቤቱ አሜሪካ ነው፤ የሚሸጠው በወኪል ነው። ይህ ያስፈራል?

ውክልናው ካልተነበበ ያስፈራል። አንቀጽ 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል ይላል፤ ‹‹ጉዳዮቼን ሁሉ ይፈጽምልኝ›› የሚል ጠቅላላ ውክልና አይበቃም። ውጭ አገር የተሰጠ ውክልና በኤምባሲ ወይም በቆንስላ አልፎ፣ እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ፣ ውልና ማስረጃ ዘንድ መመዝገብ አለበት። ከእነዚህ አንዱ ማኅተም ጎድሎ ፋይሉ ወደ ዋሽንግተን ሲመለስ ሁለት ወር ያልፋል።

ሕጉ የሚለው ሌላም ነገር አለ፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ ወካዩ ሲሞት ውክልናው ያበቃል፤ ይህ በአንቀጽ 2232 ተጽፏል። ወካዩ ሊሽረውም ይችላል። ወኪሉ እጅ ያለው ወረቀት ግን መሞትና መሻር አይታይበትም። በፊርማው ዕለት ባለቤቱን በቪዲዮ ደውለው መታወቂያውን ይዞ ይዩት፤ ውክልናው አለመሻሩንም ከመዝገቡ ያረጋግጡ። ቀጠሮውን ከሰዓት በኋላ ያድርጉት፤ አዲስ አበባ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን በበጋቸው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነውና ስልክ የሚያነሣ አያገኙም።

ገዢው ራሱ ውጭ አገር ያለ ከሆነና ዜግነት ከቀየረ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያው፣ ሰው ‹‹ቢጫ ካርድ›› የሚለው፣ በእጁ ይኑር፤ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት የመሆን መብት የሚያገኘው በዚያ ነው።

ኮንዶሚኒየም አምስት ዓመት ሳይሞላው ብገዛስ? ‹‹በውክልናና በብድር ውል ይያዛል›› ተብያለሁ።

ዕጣ የወጣለት ሰው ቤቱ ከተላለፈለት ጊዜ ጀምሮ አምስት ዓመት ሳይሞላ መሸጥ አይችልም። ይህን ለማለፍ ሰዉ የፈጠረው ዘዴ የታወቀ ነው፦ ሻጩ ከገዢው ገንዘብ የተበደረ መስሎ የብድር ውል ይፈርማል፣ ለገዢው ውክልና ይሰጣል፣ አንዳንዴ ኑዛዜ ይጨመርበታል። ሁሉም ወረቀት ይመስላል፤ አንዱም ሽያጭ አይደለም። ሻጩ ቢሞት ውክልናው አብሮት ይሞታል፣ ወራሾቹ ይመጣሉ፣ እርስዎ ቤት ገዢ ሳይሆኑ ገንዘብ ጠያቂ ሆነው ይቀራሉ። አምስት ዓመቱ ሊሞላ ሁለት ወር ቀርቶት ቢሆን እንኳ ሁለቱን ወር ይጠብቁ።

አምስት ዓመቱ ከሞላ በኋላ የሚያቆመው የባንክ ዕዳው ነው። ዕዳው ተከፍሎ ክሊራንስ ሳይመጣ ስም አይዞርም።

ሁሉ ተሟልቶ ፋይሉ ክፍለ ከተማ ላይ ወራት ተቀምጧል። ምን እየጠበቀ ነው?

መጀመሪያ በትክክል ምን እንደጎደለ በጽሑፍ ይጠይቁ። ‹‹ነገ ተመለሱ›› መልስ አይደለም፤ ቁጥርና ቀን ያለበት ደብዳቤ መልስ ነው። ማመልከቻዎን በሁለት ኮፒ አስገብተው በራስዎ ኮፒ ላይ የመዝገብ ቤቱን ማኅተም ያስመቱ። ይህች ወረቀት በኋላ ፍርድ ቤት ብትሄዱ ወርቅ ናት።

በአብዛኛው የሚገኘው ከእነዚህ አንዱ ነው። የሻጩ ስም በካርታውና በመታወቂያው ላይ አይመሳሰልም፤ ‹‹ኃይለማርያም›› አንዱ ላይ ተያይዞ ሌላው ላይ ተነጣጥሎ ተጽፏል፣ የአያት ስምም ጎድሏል። መሬት ላይ ያለው ስፋት ካርታው ላይ ካለው ይበልጣል። ጓሮ ያለችው ሰርቪስ ቤት ያለፈቃድ የተሠራች ናት። ወይም ቦታው በመንገድ ወይም በመልሶ ማልማት ክልል ውስጥ ገብቷል፤ ይህ የመጨረሻው ከሁሉ የከፋ ነው፤ በዚህ ክልል ያለ ቤት ላይ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የፕላን መረጃ ማውጣት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። በተለይ የኮሪደር ልማቱ ከመጣ ወዲህ ዋናው መንገድ ዳር ያለ ቤት ‹‹አቀማመጡ ጥሩ ነው›› ስለተባለ ብቻ አይገዛም።

ሌላው ገዢዎች የሚደነግጡበት የሊዝ ጉዳይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት ውጭ የተያዘ ቦታ) ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ገዢው ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ነው። ሻጩ ሲከፍል የኖረው የቦታ ግብር ነበር፤ እርስዎ ግን የሊዝ ውል ይፈርማሉ። ይህን አስቀድመው ካላሰሉት ፋይሉ የሚቆመው መክፈል ስላቃተዎት ይሆናል።

ሻጩ ዋጋ ስለጨመረ ‹‹ገንዘብህን ውሰድ፣ ቤቱን አልሸጥም›› አለኝ። ማስገደድ እችላለሁ?

ውልዎ ውልና ማስረጃ የተመዘገበ ከሆነ፣ አዎ። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። በአንቀጽ 1772 መሠረት በመጀመሪያ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡ፤ ቀን ቆርጠው፣ ‹‹በዚህ ቀን ቀርበህ ስም አዛውር፣ እኔም ቀሪውን ገንዘብ ይዤ እቀርባለሁ›› ብለው። ከዚያ በተባለው ቀን ሲፒኦውን አሠርተው በእርግጥ ይቅረቡ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ሻጩ ፍርድ ቤት የሚያነሣው የመጀመሪያ መከላከያ ‹‹እርሱም ቀሪውን አልከፈለም›› የሚል ነው፤ የሲፒኦው ቀን አፉን ይዘጋዋል።

ክሱን ሲያስገቡ የእግድ ማመልከቻውን አብረው ያስገቡ። ሦስት ወር ቆይተው ቢያስገቡት ቤቱ በሌላ ሰው ስም ዞሮ ሊጠብቅዎ ይችላል። እስከ 10 ሚሊዮን ብር ያለ ክርክር ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ፣ ከዚያ በላይ ያለው ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ፍርድ ቤቶች ክረምት ላይ ለእረፍት ስለሚዘጉና አስቸኳይ ጉዳይ ብቻ ስለሚያዩ ሐምሌ ላይ የገባ ክስ መስከረምን ተሻግሮ ነው የሚነቃነቀው። ከውል የሚነሣ ክስ የይርጋ ጊዜው፣ ማለትም ክሱ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ በመደበኛነት 10 ዓመት ነው፤ ስለዚህ አይደንግጡ፤ ግን አይተኙ።

በፍርድ ቤት የሚመራ አስማሚነት በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 ተደንግጓል። ሽንፈት የሚመስላቸው ደንበኞች አሉኝ። እኔ ግን ለቤት ክርክር እወደዋለሁ፤ ጥቂት ገንዘብ ጨምሮ በሁለት ወር ቤት መግባት ይግባኝና ሰበር ሲመላለሱ አራት ዓመት ኪራይ ከመክፈል ይረክሳል።

ከሪል ስቴት የገዛሁት ቤት የርክክብ ቀኑ ካለፈ ሁለት ዓመት ሆነው። አልሚው ‹‹ብረትና ሲሚንቶ ስለተወደደ ከአቅም በላይ ሆኖብናል›› ይላል።

አንቀጽ 1794ን አንብበው ያሳዩት። ውሉ ላይ ሌላ ስምምነት ከሌለ የጥሬ ዕቃ ዋጋ መጨመር ከአቅም በላይ ምክንያት አይደለም ብሎ ሕጉ በግልጽ ጽፎታል። መጀመሪያ የሚፈትሹት ግን ያንን ‹‹ሌላ ስምምነት›› ነው፤ ብዙ አልሚዎች የዋጋ ንረትን በውሉ ጀርባ በትንንሽ ፊደል ከአቅም በላይ ምክንያቶች ውስጥ ያስገቡታል። የመዘግየት ቅጣት ተጽፎ ከሆነም መጠኑን ይዩ። በቀን ጥቂት መቶ ብር የሚል ቅጣት አልሚውን አያስቸኩልም።

በ2017 ዓ.ም. የሪል ስቴት ልማትንና የማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይትን የሚገዛ አዋጅ ወጥቷል። አዲስ የሚገዙ ሰዎች አልሚው በዚህ ሕግ መሠረት ፈቃድ እንዳለው፣ የቦታው ካርታ በማን ስም እንደሆነና በባንክ መያዣ እንዳልተያዘ ሳያዩ አይፈርሙ።

ገንዘቡን እንዴት ከፋፍዬ ልክፈል?

ገንዘቡ ከወረቀቱ አይቅደም። ለቀብድ ቢጠፋ እንቅልፍ የማይነሣዎትን ያህል ብቻ ይስጡ። ዋናውን ክፍያ ውልና ማስረጃ ጠረጴዛ ላይ በሻጩ ስም በተሠራ ሲፒኦ። የመጨረሻውን ደግሞ፣ ሻጩን የሚያንቀሳቅስ መጠን አድርገው፣ ካርታው በስምዎ ዞሮ ቁልፍ ሲረከቡ። ሻጩ ‹‹ቀሪውን ባትከፍለኝስ?›› ብሎ ቢሰጋ ስጋቱ ትክክል ነው፤ ገንዘቡ በሁለታችሁ ፊርማ ብቻ በሚንቀሳቀስ ዝግ ሒሳብ ይቀመጥ። ቤቱን የሚለቅበትን ቀንና ካልለቀቀ በወር የሚከፍለውን ኪራይ እዚያው ውሉ ላይ ያስገቡ። ተከራይ ካለ ደግሞ ከሻጩ አፍ ሳይሆን ራስዎ ተከራዩን አነጋግረው የኪራይ ውሉን ኮፒ ይውሰዱ።

ጠበቃ ልያዝ ወይስ ራሴ እጨርሰዋለሁ?

የራሴን ገበያ ማሟሟቅ ስለሚመስልብኝ አጭር ልመልስ። ካርታው በሻጩ ስም ሆኖ፣ ባልና ሚስት ሁለቱም ቀርበው፣ ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ ከሆነ ራስዎ ይጨርሱታል። ውርስ፣ ውክልና፣ ፍቺ ወይም የባንክ መያዣ ካለበት ግን ከመፈረምዎ በፊት ሰው ያሳዩት። የውል ረቂቅ ለማየት የሚከፈለው ለክስ ከሚከፈለው በብዙ ያንሳል። ሲመጡም የካርታውን ኮፒ ብቻ ሳይሆን ደላላው በብጫቂ ወረቀት የጻፈልዎትንም ይዘው ይምጡ፤ ሁለት ጊዜ የሻጩን ትክክለኛ አድራሻ ያገኘሁት ከእርሷ ላይ ነው።